ሐይቅ ላይ የጀመርነው የወተት ላምና የበሬ ድለባ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሐምሌ 2017

ደቡብ ወሎ ተሁለደሬ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለችው የቤተሰብ መሬት ላይ እኔና ወንድሜ የወተት ላምና የድለባ በሬ አንድ ላይ ልንጀምር ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀን "ስንት ላም ገዛችሁ?" ብሎ ነው፣ እኛ ግን እስካሁን አንድም አልገዛንም፣ ምክንያቱም የተስማማነው መጀመሪያ መኖ፣ ከዛ በረት፣ ከዛ ከብት ብለን ነው። ላም ገዝቶ መኖ መፈለግ የሚጀምር ሰው ሁለት ሶስት ወር ሳይሞላው ላሟን በኪሳራ ሲሸጥ በዓይናችን አይተናል፣ በተለይ መንገድ የተዘጋ ሰሞን ፋጉሎም (የቅባት እህል ጭማቂ ተረፈ ምርት) ፍሩሽካም (የስንዴ ገለፈት) አይገባም፣ ላሟ ግን መንገድ ተከፈተ አልተከፈተ ጠዋት ተነስታ መብላት አለባት። ከብት እርባታ ላይ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚወስደው መኖ ነው፣ ስለዚ ሥራው የሚጀመረው ከዛ ነው።

ለምን ወተትና ድለባ አንድ ላይ? ወተት በየቀኑ ብር ያመጣል ግን ትንሽ ትንሹን ነው። ድለባ ደግሞ በሶስት ወር አንዴ ጠቅለል ያለ ብር ይሰጣል ግን እስከዛ ድረስ የሚበላው ከኪስ ነው። ወተቱ የሁሉንም የዕለት መኖ ከቻለ የበሬው ብር ሳይነካ ለሚቀጥለው ግዢ ይተርፋል። ትልቅ ካፒታል ያለው ሰው አንዱን መርጦ ቢገባበት ይሻለው ይሆናል፣ በእኛ አቅም ላለ ሰው ግን ማጣመሩ ነው ሚያዋጣው ብዬ አምናለሁ።

ዝናቡ እያለ የሠራነው ዝሆኔ ሳር መትከል ነው፣ ሁለት ሶስት አንጓ ያለው ቁርጥራጭ ዘንበል አርጎ መሬት ውስጥ መክተት ነው በቃ። እርከኑ ላይ ደሾ ሳር፣ አጥሩ ዙሪያ ሰስባኒያ የሚባለው ቅጠሉ ለመኖ የሚሆን ዛፍ። ዝሆኔ ሳር ሲታጨድ ከወገብ በላይ ሳያልፍ ነው፣ ሲረዝም ግንዱ እንጨት ይሆንና ከብቱ ቅጠሉን ለይቶ አገዳውን ይተወዋል።

መስከረም 2018

በረቱ አለቀ። ቆርቆሮ ክዳን፣ የእንጨት ምሰሶ፣ ወለሉ ድንጋይ ተነጥፎበት ኮንክሪት። ወለሉ ላይ ሁለት ነገር አጥብቀን ይዘናል። አንደኛ ሸካራ መሆን አለበት፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጭረት ጭረት እናረገዋለን፣ ልሙጥ ወለል ላይ የተንሸራተተች ላም ዳሌዋ ከወጣ አለቀላት። ሁለተኛ ወደ ኋላ በአንድ ሜትር ሁለት ሶስት ሳንቲም ዝቅ ማለት አለበት፣ ሽንቱ ወደ ቦዩ እንዲወርድ። ለአንድ ላም ወርዱ 1.20 ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ሰጥተናል። ሐይቅ ከ2000 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ግድግዳ አለው፣ በሌላኛው በኩል ግን ክፍት ነው። ሙቀት ይሻላል ብለው አራቱንም ጎን ጥርቅም አርገው የሚዘጉ ሰዎች አሉ፣ ላም ግን ከብርዱ በላይ የሚጎዳት የታፈነ አየርና እርጥብ መኝታ ነው፣ የሳምባ ችግር የሚመጣው ከዛ ነው። የጥጃ ክፍል ለብቻ፣ የበሬ ለብቻ።

ታኅሣሥ 2018

አዝመራው ስለገባ ጭድ የሚገዛበት ሰዓት አሁን ነው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ 400 ኪሎ የምትመዝን የወተት ላም በቀን ከክብደቷ ከ2.5 እስከ 3 ፐርሰንት ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፣ ማለትም ከ10 እስከ 12 ኪሎ፣ በዓመት ወደ 40 ኩንታል ማለት ነው። ይሄን ያላሰላ ሰው አንድ ክምር ጭድ አይቶ በቃኝ ይላል። የጤፍ ጭዱን ከአካባቢው ገዛን፣ የማሽላ አገዳውን ከቃሉ ከሐርቡ በኩል በአይሱዙ አስመጣን። አገዳ ሳይከተፍ ከተሰጠ እየተረገጠ ነው ሚባክነው፣ ስለዚ በገጀራ ከጣት ርዝመት እምብዛም ሳይበልጥ እንከትፈዋለን፣ አድካሚ ነው ግን ዋጋ አለው።

ከሁሉ የደከምንበት ጭዱን በዩሪያ ማከሙ ነው፣ ብዙ ሰው ስለሚፈራው ዘርዘር አርጌ ልፃፈው። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ (ያው የማዳበሪያው) በ100 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፣ የዩሪያው ፍሬ ሁሉ መሟሟት አለበት። ጉድጓድ ተቆፍሮ ውስጡ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፍና ጭዱ በስስ በስሱ እየተነጠፈ ውሃው በአጠጪ እየተረጨ በእግር እየተረገጠ ይሞላል፣ አየር እንዳይቀር አጥብቆ መርገጥ ነው ቁልፉ። ከዛ በፕላስቲክ ይሸፈንና ላዩ ላይ አፈርና ድንጋይ ተጭኖበት ለ21 ቀን ይታሸጋል። ዩሪያው ወደ አሞኒያ ተለውጦ የጭዱን ጠንካራ ክር ያላላዋል፣ ፕሮቲኑንም ይጨምርለታል፣ ሲከፈት ወርቃማ ወደ ቡኒ የሚሄድ ቀለም ይኖረዋል፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። የዕለቱን ብቻ አውጥቶ ሽታው እስኪወጣ ማናፈስ ያስፈልጋል። ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ አይሰጥም። ዩሪያውን እንዲሁ ደረቁን መኖ ላይ የሚነሰንስ ወይም ብጥብጡን ከብት የሚደርስበት ቦታ የሚተው ሰው ካለ ግን ከብቱን ይገላል፣ ይሄን ቤት ውስጥ ላለ ልጅም ለእረኛም መንገር ያስፈልጋል።

ታኅሣሥ መጨረሻ

ሁለት ክብድ ጊደሮች ገዛን፣ ሁለቱም የሆልስታይን (የውጭው የወተት ላም ዝርያ) ዲቃላ። ስለ ደም መጠን፣ ማለትም ከመቶ ስንቱ የውጭው ዝርያ መሆን አለበት በሚለው ላይ፣ ብዙ ክርክር አለ፣ "75 ካልሆነ አትግዙ" የሚለን ነበር። የኔ አቋም ለጀማሪ ከ50 እስከ 62.5 ፐርሰንት ይበቃል የሚል ነው። ደሙ ከፍ ባለ ቁጥር ወተቱ ይጨምራል የሚባለው መኖውና ሕክምናው አብሮ ከጨመረ ነው፣ ካልሆነ ግን ከፍተኛ ደም ያላት ላም ሥጋዋን አቅልጣ ትታለብላችሁና ከስታ ቀጣዩን እርግዝና እምቢ ትላለች። የኛ አገር ላም በቀን አንድ ተኩል ሁለት ሊትር ናት፣ ያውም ጥጃዋ ካጠገቧ ካልቆመ ወተቷን ታግዳለች፣ ግን መዥገርን፣ ድርቅን፣ የሳር እጦትን ትችላለች፣ ዲቃላዋ ውስጥ ያ ግማሽ ደም እንዲኖር የምንፈልገው ለዛ ነው።

ጊደር ስትገዛ የምታየው እናቷን ነው። እናቲቱ ስትታለብ ማታም በነጋታው ጠዋትም ቆሞ ማየት ያስፈልጋል፣ አንዴ ብቻ ካየህ ሻጩ ሳያልባት አሳድሮ ግቷን አሳብጦ ሊያሳይህ ይችላል። ከዛ አራቱ ጡት እኩል መሆኑ፣ ዳሌዋ ሰፊ መሆኑ፣ የኋላ እግሯ ቀጥ ማለቱ። እርግዝናውን በእጅ ገብቶ የሚያረጋግጥ የእንስሳት ሐኪም ይዘን ነው የሄድነው፣ የሳምባ ነቀርሳና የብሩሴላ ምርመራም አስደርገናል። ብሩሴላ ላሟን ያስወርዳታል፣ በጥሬ ወተት ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ስለዚ ይሄ ወጪ የሚቀነስ አደለም።

ጥር

ድለባውን በባቲ ጀመርን። ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ነው፣ ሶስት ወር ወደ ኋላ ስትቆጥር ጥር 4 ይመጣል፣ እሱም ሰኞ ዋለ፣ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ከብቱን ይዞ የሚገናኝበት፣ በሬ ለመምረጥ እንደሱ የሚመች ገበያ እኔ አላውቅም።

ለድለባ የሚገዛው የከሳ ግን ያልታመመ ነው። ልዩነቱን ማየት ነው ሙያው። አጥንቱ ትልቅ፣ ወገቡ ረጅም፣ ደረቱ ሰፊ፣ አፉ ሰፊ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ላላ ብሎ ቶሎ የሚመለስ፣ አፍንጫው እርጥብ። የከሳበት ምክንያት ርሃብና የእርሻ ድካም ከሆነ መኖ ሲያገኝ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ በፍጥነት ይመለሳል፣ የደላቢ ትርፍ ያለው እዛ ላይ ነው። ገበያው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወንድሜን "ልጄ አብሽር፣ አትቸኩል፣ ፊት ፊቱን ብቻ አትየው፣ ሲሄድ ከኋላው ሆነህ እየው፣ እበቱንም ጠብቀህ እይ" አሉት፣ እውነታቸውን ነው፣ የሚያስቀምጠው በሬ እበቱ ላይ ይታወቃል፣ የሚያነክሰውም ሲቆም አይታይም።

ሚዛን ስለሌለ ሜትር ይዘን ነው የምንሄደው። ደረቱን ከፊት እግሩ ኋላ ዙሪያውን መለካት፣ ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት መለካት፣ ከዛ ዙሪያው በራሱ ተባዝቶ በርዝመቱ ይባዛና ለ10840 ይካፈላል፣ ሁሉም በሳንቲም ሜትር። ዙሪያው 150 ርዝመቱ 130 የሆነ በሬ 270 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል ግን ደላላ በዓይኑ ከሚገምተው ይሻላል፣ በተለይ በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ በሬ ስትለካ ጭማሪውን በደንብ ያሳይሃል።

የገዛናቸውን ከላሞቹ ለብቻቸው አርገን ነው ያቆየናቸው፣ ከገበያ የመጣ ከብት አፍተግርም የቆዳ ጉርብርብም የሚባሉትን ተላላፊ በሽታዎች ይዞ ሊመጣ ይችላል። ክትባት ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ ተሰጣቸው። የትል መድኃኒትም ወሰዱ፣ እዚ ሐይቁ ዳር ረግረጉ ላይ የሚግጥ ከብት ሁሉ የጉበት ትል አያጣውም፣ ቀንድ አውጣው ነው ሚያስተላልፈው፣ ስለዚ የኛዎቹን ወደ ውሃው ዳር አናወርዳቸውም፣ ሳሩ ታጭዶ ይመጣላቸዋል። አይቨርሜክቲን የተወጋ ከብት 35 ቀን ሳያልፈው እንደማይታረድ፣ ለሚታለብ ላም ደግሞ ጭራሽ እንደማይሰጥ እዚ ላይ ፅፌ ላስቀምጥ።

መኖ ሲጀመር ቀስ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጭድና ሳር፣ ከላዩ ግማሽ ኪሎ ፍሩሽካ፣ ከዛ በየሶስት አራት ቀኑ ትንሽ ትንሽ መጨመር። ረሃብ የጎዳውን በሬ በአንዴ እህል ብትሞላው ሆዱ ውስጥ አሲድ ይበዛና ይወድቅብሃል። አሁን የምንሰጠው ቅልቅል ፍሩሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ትንሽ የተከካ በቆሎና ጨው ነው። ከኮምቦልቻ የቢራ ተረፈ ምርትም እናመጣለን፣ ጥሩ ነገር ነው ግን ውሃው ስለሚበዛ በሁለት ሶስት ቀን ካላለቀ ይሻግታል፣ የሻገተ መኖ ደግሞ መርዙ በወተት በኩል ለሰው ይደርሳል። ለላሞቹም ለበሬዎቹም የአፋር አሞሌ ተንጠልጥሎላቸው ይልሳሉ።

ጥር መጨረሻ

አንዷ ወለደች፣ ሴት ጥጃ! ሌሊት ላይ ነው፣ እማም ተነስታ ነበር። እትብቱን በአዮዲን ነክረን፣ አፍንጫዋን አፅድተን፣ በጭድ አሽተን አደረቅናት።

እንገሩ ላይ ቤት ውስጥ ትንሽ ውይይት ነበር። እንገር በኛ ባህል የሚወደድ ነገር ነው፣ ጎረቤትም ይጠብቃል፣ ግን ጥጃ ስትወለድ በደሟ ውስጥ በሽታ መከላከያ የላትም፣ የምታገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው፣ አንጀቷም ያንን የሚቀበለው የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ነው፣ ቀን ከሌሊት ካለፈ በኋላ ብትጠጣው ምግብ ይሆናታል እንጂ መከላከያ አይሆናትም። ስለዚ በመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ውስጥ 2 ሊትር፣ ቀኑ ሳያልቅ ደግሞ ሌላ 2 ሊትር። እማ "እሷ ትጥገብ፣ የተረፈው ለኛ" ብላ ዘጋችው። ተርፎም ሁለተኛው ቀን ላይ ተበላ።

የካቲት

የወተት ገበያ። እዚ ላይ ወሎ የራሱ ነገር አለው፣ ስለዚ ሰፋ አርጌ ልፃፍ።

ሌላ ቦታ ያሉ የወተት ሰዎች ትልቁ ራስ ምታታቸው ጾም ነው፣ ዓቢይ ጾም 55 ቀን ወተት አይጠጣም፣ ላሟ ግን መታለቧን አታቆምም። እኛ ጋ ደንበኛው ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም ስለሆነ ገበያው ጭራሽ አይዘጋም። ዘንድሮ ዓቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ፣ ረመዳን በዛው ሳምንት። የማኪያቶ ቤቶቹ ትዕዛዝ በአንዴ ወረደ፣ በሌላ በኩል ለማፍጠሪያ ወተት የሚፈልገው ቤት በዛ። የቀየርነው ሰዓቱን ነው፣ በፊት ጠዋት የታለበውን ነበር ወደ ደሴ የምንልከው፣ አሁን የማታውን ቀደም አርገን አልበን ከመግሪብ በፊት እየዞርን እናደርሳለን። ረመዳን መጋቢት ላይ ሲወጣ ዓቢይ ጾሙ ገና ይቀጥላል፣ ያኔ የተረፈውን ወተት እንንጠዋለን፣ ለፋሲካ ቅቤ ይወደዳልና። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ20 ሊትር በላይ ወተት እንደሚያስፈልግ ግን አስቡ፣ ወተቱ በሊትር የሚሸጥ ከሆነ መሸጡ ይሻላል፣ ቅቤው ለሚተርፈው ነው።

ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። በ2019 የካቲት መጀመሪያ አካባቢ ይገባና ሊወጣ ሲል ዓቢይ ጾም ይገባል፣ ማለትም ሁለቱ ተደራርበው ሳይሆን ተከታትለው ነው ሚመጡት። ላሟ የምታረግዘው 9 ወር ከ10 ቀን ገደማ ነው። ጥር ላይ የወለደች ላም የወተቷ ጣሪያ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ላይ ነው፣ ስለዚ መጋቢት መጨረሻ ላይ ብናስዳቅላት በ2019 ጥር መጀመሪያ ወልዳ ረመዳን ሲገባ ወተቷ እየጨመረ ይሆናል። የጾሞቹን ካላንደር ከማዳቀያ ቀን ጋር አገናኝቶ መያዝ ወሎ ላይ ላለ ወተት አምራች ከመኖ ቀጥሎ ዋናው ነገር ይመስለኛል።

መጋቢት

ሁለተኛዋም ወልዳለች፣ ወንድ ነው።

አለባቡ። እጅ መታጠብ፣ ጡቱን ለብ ባለ ውሃ አጥቦ ለእያንዳንዷ ላም በየራሷ ጨርቅ ማድረቅ፣ ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ግፊቶች ጥቁር ጣሳ ላይ አልቦ ማየት፣ ጓጉሎ ወይም ውሃ መስሎ ከመጣ የጡት በሽታ ነው። ከታለበች በኋላ ጡቷ አዮዲን ይነከራል፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዳትተኛ መኖ ይሰጣታል፣ ምክንያቱም የጡቱ ቀዳዳ ቶሎ አይዘጋም፣ ከዛ መሬት ላይ ብትተኛ ጀርሙ ዝም ብሎ ነው ሚገባው። የጡት በሽታ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ነው ወተት የሚቀንሰው፣ ስለዚ በየጊዜው ከአራቱ ጡት ለየብቻ እየተቀዳ በመመርመሪያው ፈሳሽ ይታያል፣ ወተቱ ከፈሳሹ ጋር ሲደባለቅ ከወፈረና ከተዝለገለገ ያቺ ጡት ታማለች። አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ወተቷ ሐኪሙ ያዘዘው ቀን እስኪያልቅ ለሽያጭ አይወጣም፣ ለማንም።

ማሰሮውን እማ በወይራ ታጥናለች፣ ለደንበኛ የሚሄደው ግን በአሉሚኒየም ጣሳ ነው፣ ፕላስቲክ ጀሪካን ጠርዙ ውስጥ ቆሻሻ ስለሚይዝ ትተነዋል። ውሃ ሁሌም ፊታቸው አለ፣ ወተት ከመቶ 87ቱ ውሃ ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የምትጠጣ ላም የቻለችውን አትሰጥህም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የመጀመሪያዋ ኮርማ ጠየቀች። ምልክቱ ሌላዋ ላይ መንጠላጠል፣ ሲወጡባት ዝም ብላ መቆም፣ መጮህ፣ ከኋላዋ ንፁህ ዝልግልግ መውረድ። ታስረው የሚውሉ ላሞች ላይ ይሄ አይታይም፣ ስለዚ ጠዋትና ማታ ፈተን ግቢ ውስጥ እየለቀቅን ነው የምናያቸው። ጠዋት የታየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች በነጋታው ጠዋት ነው የምትዳቀለው፣ የኤአይ (የሰው ሰራሽ ማዳቀል) ቴክኒሺያኑ ስልክ በረቱ በር ላይ ተፅፏል። በ21 ቀን አካባቢ ካልደገመች ይዟል ብሎ ተስፋ ማድረግ ይቻላል፣ በእጅ የሚረጋገጠው ግን ቆይቶ ነው።

ሚያዝያ

የፋሲካ በሬዎች ወጡ። 270 የነበረው በሜትራችን 335 አካባቢ ደርሷል፣ በቀን ሰባት መቶ ግራም ገደማ ጨመረ ማለት ነው። ገበያ አላወረድናቸውም፣ ቅርጫ የሚገቡ ሰዎች ራሳቸው በረት ድረስ መጥተው አይተው ነው የገዙት፣ የደላላም የመኪናም ወጪ ቀረ። ከሶስት ወር በላይ ማቆየት አያዋጣም፣ ከዛ በኋላ የሚበላው መኖ አብዛኛው ወደ ስብ ነው ሚሄደው፣ ጭማሪው ይቀንሳል መኖው ግን አይቀንስም።

ግንቦት

አረፋ ግንቦት 19 ላይ ነው ሚጠበቀው፣ የካቲት ላይ የገዛናቸው ወይፈኖች ለሱ ናቸው። ለቁርባን፣ ማለትም ለአረፋው መሥዋዕት፣ የሚፈለገው ከብት ሁለት ዓመት የሞላው፣ ያልታወረ፣ የማያነክስ፣ ያልታመመ፣ ያልከሳ ነው፣ አንዱ በሬ ለሰባት ሰው ይሆናል። ስለዚ ስንገዛ ጥርስ ገልጠን ነው ያየነው፣ የፊት ወተት ጥርሱን ጥሎ ሁለት ትልልቅ ያበቀለው ነው የተመረጠው። በረት ውስጥም እንዳይዋጉ በየብቻ ታስረዋል፣ ዓይኑ የተወጋ በሬ ለሥጋ ቤት ይሸጥ ይሆናል፣ ለአረፋ ግን ማንም አይወስደውም። ደንበኞቹ ከወዲሁ እየመጡ እያዩ ነው፣ ሁለቱ ቀብድ ተይዞባቸዋል።

ጭዱ እየተጋመሰ ነው። በልጉ ከደረሰ ሰኔ ላይ ከኩታበርና ከደሴ ዙሪያ የገብስ ገለባ እንገዛለን፣ ለሱ የሚሆነው ብር ከበሬው ሽያጭ ለብቻ ተቀምጧል። ወንዱ ጥጃ ወተት ካቆመ በኋላ ለድለባ ያድጋል። ሴቷ ግን አትሸጥም፣ ዕድገቷ ከተያዘ በሁለት ዓመት ገደማ ለመዳቀል ትደርሳለች፣ ከዛ በኋላ ጊደር ፍለጋ ሰው በረት አንሄድም። ዝሆኔ ሳሩን ዝናቡ ሲገባ በታችኛው እርሻ ላይም እንጨምራለን፣ ሶስተኛ ላም የሚገዛው እሱ አድጎ አንድ ዙር ከታጨደ በኋላ ነው።